ለተዝካራቸው ጀኔሬተር ተከራየን

የአገሬ ሰው ሆይ፣ ተቆጥቻለሁ። የምቆጣው በሩቅ ሰው አይደለም። ባለፈው ወር እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ጠላ ስትጠጡ በነበራችሁት በእናንተ፣ ከእናንተም ይልቅ ከጥግ ሆኜ አብሬ በጠጣሁት በራሴ ነው።

የእማሆይን ተዝካር በላን። እንጀራው አልጎደለም፣ ወጡ አልጎደለም፣ ካህናቱም በሰዓታቸው ደረሱ። ሲመሽ ከደብረ ማርቆስ ተከራይተን ያስመጣነው ጀኔሬተር ከአጥሩ ጥግ ይንደቀደቅ ጀመር፤ ድንኳኑ ውስጥ አራት ትልልቅ አምፖሎች በሩ። ሰዉ «እሰይ! ቀን አስመሰለው» አለ። የእኔ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አምስት ዓመት ያህል በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው እያነባ የኖሩ ሴት፣ በሞቱ በአርባ ቀናቸው ቀን መሰለላቸው።

ነገሩን የማታውቁ ስሙት፤ የምታውቁትም እንደገና ስሙት፣ ምክንያቱም እያወቃችሁ ዝም ካላችሁት ወገን ናችሁ።

እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ፣ ያለቻቸውን አንዲት ወይፈንም ሸጠው ሶላር ገዙ። ከሰፌድ የማትሰፋ 20 ዋት ፓኔል፣ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሦስት አምፖል። ቤታቸው የሣር ክዳን ስለነበር ፓኔሏን በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አቁመው፣ ፊቷን ወደ ደቡብ አዘነበሏት። ኪዳን አስደርሰው ሲመለሱ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉላት ነበር፤ ልጅ ፊቱን እንደሚታጠብ ቀስ አድርገው፣ ከጥግ እስከ ጥግ።

ከዚያ በኋላ የጮቄ ሥር መንደራችን ስልኩን የት ቻርጅ እንዳደረገ ልንገራችሁ? እማሆይ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ገበያ ቀን ሁለት ሰዓት ተጉዘን ከተማ እንሞላ ነበር። እሳቸው ስልኮቹን በሙዳይ ያስቀምጡና እንዳይምታታባቸው በየስልኩ ላይ ባለቀለም ክር ያስሩበታል። የእኔ አረንጓዴ ነበር። ለአንድ ስልክ ሦስት ብር፤ ለሌለው «ስታገኝ ታመጣለህ»። የጎረቤቴን ሚስት ሌሊት ምጥ ሲይዛት ባትሪውን ሁለት ሰው ተሸክሞ፣ አምፖሉን ከነገመዱ አንጠልጥሎ ወሰደ። ልጁ የተወለደው በዚያ ብርሃን ነው። ዛሬ ከብት ይጠብቃል፤ ተዝካሩም ላይ ነበረ።

እዚህ ላይ አላጋንንም፤ ሶላር ሁሉን አይችልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ የእማሆይ ፓኔል 20 ነበረች። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ እሷም ታንቀላፋለች። እሳቸውም ይህን ያውቁታል፤ ለዚህ ነው መስመሩ ሲመጣ እንደ ሰው ሁሉ ቆጣሪ የፈለጉት። «አምፖሉስ አለኝ፤ ዓይኔን ከምጣድ ጭስ ላሳርፍ ብዬ ነው» ብለውኛል።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስብሰባ ተጠራ። ለዓመታት ፍየል ስናስርባቸው የኖርነው ምሰሶዎች ሽቦ ሊለብሱ ነው፤ ትራንስፎርመሩ አንድ ስለሆነ በመጀመሪያው ዙር የሚገባው 60 ቤት ብቻ ነው ተባልን። ለምዝገባ የመጣው ባለሙያ እግረ መንገዱን «ሶላር ያለው ቤት ትንሽ ቢቆይስ? እሱማ መብራት አለው» አለ። አለና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። እሱ ያለው ይህን ብቻ ነው። ቀሪውን የጨረስነው እኛ ነን። አንዱ ተነሥቶ «ካላወረዱትማ አይመዘገቡም!» አለ። ሌላው «ሁለት መብራት ለአንድ ቤት ምን ያደርጋል?» አለ። ሦስተኛው፣ ስልኩ በዚያች ሰዓት በእማሆይ ሙዳይ ውስጥ ያለው ሦስተኛው፣ «ሦስት ሦስት ብራችንን ሲሰበስቡ ኖረው!» አለ። ተጨበጨበ።

እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙና «ልጆቼ፣ ፀሐይን ከማናችሁ ደጅ ሰርቄ ነው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም።

መመሪያው የታለ ብሎ የጠየቀም የለም። እንዲህ የሚል ወረቀት ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በማግስቱ አወረዷት። ሲያወርዷት የያዛት ልጅ እጅ ላይ አመለጠችና መስታወቷ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ስማቸው አልነበረም። «በሁለተኛው ዙር» ተባለ። ሁለተኛው ዙር እስከ ቀብራቸው አልመጣም።

የገባውም ቢሆን ለእኛ አልሰነበተም። 60 ቤት ቅዳሜ ማታ ለእሑድ እንጀራ ምጣድ ቢጥድ 180 ሺህ ዋት ነው፤ ያቺ ትራንስፎርመር የዚያን ግማሽ እንኳ በወጉ የምትችል አልነበረችም። በዘጠነኛው ወር ተቃጠለች። ያን ጊዜ ምን አደረግን? ስልካችንን ይዘን እማሆይ ደጅ ተሰለፍን። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። «ፓኔሏ ታማለች» ብቻ አሉና ሙዳዩን ከፍተው አሳዩን። ክሮቹ በውስጡ ነበሩ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው። አልጣሏቸውም ነበር።

በሌላው ዓለም ከጣሪያ ሶላር ጋር የሚጣላው ኃይል ሻጩ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ደንበኛው የራሱን ሲያመርት የድርጅቱ ገቢ ይቀንሳል፣ የምሰሶውና የሽቦው ወጪ ግን አይቀንስም። ስፔን በ2015 (ይህ የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው) ሰው ሁሉ «የፀሐይ ግብር» ብሎ የሰደበውን ክፍያ ጥላ በ2018 ሻረችው። ካሊፎርኒያ በ2023 ከጣሪያ ወደ መስመሩ ለሚላከው ኃይል የሚከፈለውን እጅግ ቀነሰች። እዚያ ትግሉ በድርጅትና በሕዝብ መካከል ነው፤ ጠበቃ አለ፣ ክርክር አለ። እኛ ዘንድ ግን ድርጅቱ ክርክር ውስጥ መግባት እንኳ አላስፈለገውም። አንዲት ቃል ጣል ተደረገችና እኛው ዘበኛ፣ እኛው ዳኛ ሆንን። ፓኪስታኖች የመብራት ሒሳብ ቢከብዳቸው በዚያው አቆጣጠር በ2024 ብቻ 17 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ፓኔል ወደ አገራቸው አስገቡ፤ በፓኔሎቹ ላይ በተጻፈው ዋት ቢቆጠር ከሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ሦስት እጥፍ ያልፋል። ሌሊት ስለማይሠራ ምርቱ እንደዚያ አይወዳደርም፤ ቢሆንም ሰዉ እርስ በርሱ «አውርድ» ሳይባባል የሰቀለው ነው።

ደግሞ እኛ የጎጃም ሰዎች ይህን ሳናውቅ ቀርተን ነው? አባይ ጉልበቱን የሚያሳየው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ከደመና ጀርባ ናት። በጋ ሲገባ ወንዙ ይሳሳል፣ ፀሐይ ትበረታለች። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል፤ በቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። በአንዱ በሬ ለማረስ ሌላውን የሚያርድ ገበሬ አይቻችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አረድን።

ሕዳሴው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ዜናውን በድንጋይ ሬድዮ ነበር የሰማነው። እልል አልን፤ እልልታው ሐሰት አልነበረም። እማሆይም እልል ብለዋል። ከሞቱ በኋላ ንብረታቸው ሲታይ ከዳዊታቸው ገጾች መሐል የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ ግድቡ በተጀመረበት ሰሞን፣ በ2003 ዓ.ም. የገዙት ቦንድ ነው። ለግድቡ የከፈሉ፣ ለጎረቤት ያበሩ ሴት በኩራዝ ሞቱ። ስለዚህ ማን ይጠየቅ? ከላይ የሚጠየቅ አለ፣ ይጠየቅ። ግን አጨብጭቡ ብሎ ያዘዘን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እስካሁን የሸሸሁት እሱን ነው። የዚያ ስብሰባ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት በእጄ ነው፤ ደብተሩ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። «ሶላር ያላቸው ወደ ሁለተኛ ዙር እንዲተላለፉ ተወሰነ» ይላል፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። ሶላር ያላቸው ብዬ በብዙ ቁጥር ጻፍሁ እንጂ በመንደሩ የሚሠራ ሶላር የነበራቸው አንድ ሰው ነበሩ። «መመሪያው የቱ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ በቂ ነበረች። ያልጠየቅሁት ፈርቼ አይደለም። ዝርዝሩን ስለማውቀው ነው፤ 60ኛው ስም የእኔ ነበር። እሳቸው ቢገቡ እኔ እወጣ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም፤ ዛሬ ለእናንተ ተናገርሁ። እናንተን የመገሠጽ መብት እንደሌለኝም አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የተነሣ ሰው አላየሁም።

በየቆጡ ላይ ፓኔል ያስቀመጣችሁ እንዳላችሁ ደግሞ አውቃለሁ። ባትሪው ሲሞት «ሶላሩ ተበላሸ» ብላችሁ የጣላችሁት ነው። የሚደክመው ባትሪው ነው፣ በሦስትና በአራት ዓመት፤ እሱም በየማታው እስከ መጨረሻው ስለምታሟጥጡት። ፓኔሉ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። አውርዱና ጥረጉት። ስትገዙም ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ዋት ብቻ አትመኑ፤ የመዳፍ ስፋት ባለው ፓኔል ላይ 100 ብለው የሚለጥፉ አሉ፤ ነጋዴው ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያሳያችሁ። ለምጣዱ ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ኩበቱም ለጤፍ ማሳው ይተርፋል። መስመሩ ሲመጣ ይምጣ፤ ቆጣሪም እናስገባለን። የጎረቤታችሁን ፓኔል ግን ተዉት።

ከተዝካሩ ማግስት የእማሆይ የልጅ ልጅ የተሰነጠቀችዋን ፓኔል ከጎታው ጀርባ አውጥቶ፣ ከተማ ካገኘው አሮጌ ባትሪ ጋር አያያዛት። ማታ ሄጄ አየሁ፤ አንዲት አምፖል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል በራች፣ ከዚያ ደከመች። ባትሪው ውሃ ጎድሎታል አለኝ። ትናንት ደብረ ማርቆስ ወርጄ ሁለት ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ገዝቼ መጥቻለሁ። ስልኬንም ይዤ ነው የምሄደው፤ አረንጓዴ ክር አስሬበታለሁ።