ሥጋ ትተህ አንብብ

ላለሊ የምትባለውን የኢስታንቡል ሰፈር የመርካቶ ነጋዴ በደንብ ያውቃታል። ጂንስና ቀሚስ በጅምላ የሚገዛባት ናት። እኔ እዚያው ካርጎ ቤት እሠራለሁ። ዕቃ እመዝናለሁ፣ አሽጋለሁ፣ በፕላስተር እጠቀልላለሁ። በቀረው ሰዓት "ወንድሜ፣ ሚዛንህ ይበላል" ከሚሉ እህቶች ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ትራሙ በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር አንድ አሮጌ የድንጋይ ግቢ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ መስጊድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤተ መጻሕፍት ነው። ራጊብ ፓሻ የሚባል የኦቶማን ባለሥልጣን፣ በዛሬ አነጋገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1763 ያቋቋመው ነው። በዚያው ዓመት ሞተና ግቢው ውስጥ ተቀበረ። በእሱ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 1480 የተባለ ጥራዝ አለ። የያዘው የሶርያ ከተማ አሌፖ ላይ የተገደለ የአንድ ወጣት ሊቅ ጽሑፎችን ነው።

ሰውየው ሺሃብ አል-ዲን ያህያ አል-ሱህረወርዲ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1154 ገደማ ሰሜን ምዕራብ ኢራን ውስጥ ነው። ሱህረወርዲ የሚባሉ ሊቃውንት ብዙ ስለሆኑ እንዳይምታታ "አል-መቅቱል" ይሉታል፤ የተገደለው ማለት ነው። ወዳጆቹ ግን "ሸኹል ኢሽራቅ" ነው የሚሉት። የኢሽራቅን ሶላት የሚሰግድ አንባቢ ቃሉ አይገደውም፤ ጸሐይ ወጥታ ከፍ ስትል ነውና የሚሰገደው። ግዕዝ የቆጠረም ዘመዱን ያገኛል፦ ሠረቀ ማለት ጸሐይ ወጣች ነው። ምሥራቅ የምንለውም ከዚያው ነው።

ስለ አሌፖ አገባቡ የሚተረክ ነገር አለ፤ ለካርጎ ሠራተኛ የሚጥም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1183 ከተማዋ ሲገባ ልብሱ ከመቀደዱ የተነሳ አህያ ነጂ መሰላቸው። ያረፈበት መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) ኃላፊ አዋቂነቱ ገባቸውና ይሉኝታ ይዟቸው በልጃቸው እጅ ደህና ልብስ ላኩለት። እሱ ከጉያው ትልቅ ዕንቁ አወጣና ልጁን "ሂድ፣ ገበያ አስገምተው" አለው። የከተማዋ ገዥ የሱልጣኑ የሰላሃዲን ልጅ አል-ዛሂር ነበር፤ ገና ጎረምሳ። ለዕንቁው 30 ሺህ ድርሃም ሰጠ። ልጁ ዋጋውን ይዞ ሲመለስ ሱህረወርዲ ዕንቁውን በድንጋይ አደቀቀው። ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ልብስ አጣ ነበር ወይ፣ ነው ነገሩ። እውነት ይሁን ተረት፣ እኛ ሱቅ ቢሆን ዕንቁው መጀመሪያ ይመዘን ነበር።

ጎረምሳው ገዥ ወደደው። የከተማዋ ዑለማዎች ግን አልወደዱትም። በክርክር ይረታቸዋል፣ ምላሱም አያርፍም። ለሰላሃዲን ክስ ጻፉ። ሰላሃዲን በዚያ ሰሞን ከመስቀል ጦረኞች ጋር ተያይዟል፤ ልጁ በእንዲህ ያለ ሰው እንዲወሰድበት አልፈለገም። ይገደል ብሎ አዘዘ፣ እ.ኤ.አ. በ1191 ተገደለ። ዕድሜው 36 ገደማ ነበር። በረሃብ ነው የሚሉ አሉ፣ ታንቆ ነው የሚሉም አሉ።

ዋና መጽሐፉ ሒክመተል ኢሽራቅ ይባላል። የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1186 መስከረም፣ ሰባቱ ፕላኔቶች ሚዛን በሚባለው የኮከብ ምድብ ላይ በተገጣጠሙ ጊዜ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድን ነገር የምታስረዳው ከእሱ በበለጠ ግልጽ ነገር ነው። ከብርሃን የበለጠ ግልጽ ምን አለ? ስለዚህ ብርሃን ትርጓሜ አያሻውም። ጨለማ ደግሞ ብርሃን ማጣት ነው እንጂ ለራሱ ምንም አይደለም። ያለው ሁሉ ከብርሃናት ብርሃን፣ ከኑረል አንዋር፣ ደረጃ በደረጃ እየደበዘዘ ይወርዳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ከበን ላጠናን ልጆች ይህ ፍልስፍና አይከብደንም።

እኔን የያዘኝ ግን ስለ እውቀት ያለው ነው። ጥርስህን ሲያምህ ሕመሙን የምታውቀው ሥዕሉን በሐሳብህ ስለሳልክ አይደለም። ሕመሙ ራሱ እዚያው ስላለ ነው። ራስህንም የምታውቀው እንደዚያው ነው። ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶት ሳለ አሪስቶትል በሕልሙ መጣና "ወደ ራስህ ተመለስ" አለው ይላል፣ ተልዊሓት በተባለው መጽሐፉ። የእስልምና ፈላስፎችን ስም ሲጠራለት አሪስቶትል ቁብ አልሰጠውም። ቢስጣሚና ቱስተሪ የተባሉትን ሱፊዎች ሲያነሳ ግን ደስ አለው። ይህንኑ ተልዊሓት በኋላ ባግዳድ ላይ የተነተነው ኢብን ከሙና የሚባል አይሁዳዊ ፈላስፋ ነው። ሒክመተል ኢሽራቅን ደግሞ ቁጥብ አል-ዲን አል-ሺራዚ ተነተነው። ደራሲው ሞተ፣ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

ሄዶ ሄዶ አንድ ፈረንሳዊ እጅ ገባ። ሄንሪ ኮርቢን እ.ኤ.አ. በ1939 የሱህረወርዲን ጽሑፎች ፎቶ ሊያነሳ ለጥቂት ወራት ብሎ ኢስታንቡል መጣ። ጦርነቱ ተነሳና እስከ 1945 እዚሁ ቀረ። "ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ የወጣ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል ይህን ታሪክ። ልዩነቱ እሱ በመጨረሻው ዓመት የመጀመሪያውን ጥራዝ እዚሁ አሳትሞ መሄዱ ነው።

እሁድ ላይ ሱለይማኒዬ ካለው የጽሑፍ ቅርስ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ያለው የኦቶማኑ አርክቴክት ሲናን እ.ኤ.አ. በ1557 በጨረሰው መስጊድ ዙሪያ፣ የድሮ መድረሳ ክፍሎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ፓስፖርቴን አሳየሁ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ከየት መጣህ፣ ምን ተምረሃል ያለኝ የለም። ዓረብኛዬ የወሎ ደረሳነት ጅማሬና የአምስት ዓመት የጅዳ ቆይታ ቅልቅል ነው፤ እያንከፋፈልኩ አነባለሁ። የሒክመተል ኢሽራቅ ገጽ ስክሪኑን ሞላው። ቀይ ቀለም፣ ጥቁር ቀለም፣ በኅዳጉ ላይ በደቂቅ ፊደል የተጫረ ማስታወሻ። አንዱ ጥግ ላይ ውኃ የነካው ቡናማ ክብ አለ፤ የሆነ ሰው ብርጭቆ ያስቀመጠበት ይመስላል።

ቸኩዬ መጨረሻውን ከፈትኩ። የሱህረወርዲ ኑዛዜ እዚያ አለ። ይህን መጽሐፍ ለማይገባው አትስጡ ይላል። የአሪስቶትልን ተከታዮች መንገድ ጠንቅቆ ላወቀና የአላህን ብርሃን ለሚወድ ብቻ። እሱም ከማንበቡ በፊት 40 ቀን ይገለል፤ ሥጋ ይተው፣ ምግብ ይቀንስ፣ ብርሃኑን ያስተንትን።

እኔ በር ላይ ዶነር የሚሉትን የሥጋ ሳንድዊች በልቼ ነበር የገባሁት። ሽንኩርቱ ገና ከጣቴ አልለቀቀም።

ያን ጊዜ ነው ሸሆቹ ትዝ ያሉኝ። አምና አገር ቤት ገብቼ፣ ከደሴ የግማሽ ቀን መንገድ ሄጄ፣ በልጅነቴ ያስቀሩኝን፣ ያስተማሩኝን ማለት ነው፣ ሸህ ዘየርኩ። ራስጌያቸው ላይ በቆዳ ከረጢት የተንጠለጠለ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ አለ። ልጅ ሳለሁም ከዚያው ቦታ ነበር።

"ሸሆቹ፣ በስልኬ ላንሳው?" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ኪታቡን።"

"ኪታብ ፎቶ ይነሳል እንዴ? ሙሽራ ነው?" ብለው ሳቁ። ቀጠሉና "አቋርጠህ የሄድከው አለ። ተቀመጥና ቅራ፣ ያን ጊዜ እኔው አወርድልሃለሁ" አሉኝ።

ተናድጄ ነው የወጣሁት። ለዚህ ነው ወደ ኋላ የቀረነው እያልኩ ኢስታንቡል ድረስ አጉረመረምኩ። ለጓደኞቼም ስንቴ አወራሁት። እዚህ አንድ የካርጎ ሠራተኛ በፓስፖርት ብቻ የስምንት መቶ ዓመት ሐሳብ ይከፈትለታል፣ እዚያ የገዛ ሸሄ ይከለክሉኛል። አሁን ግን ደራሲው ራሱ ከሸሆቹ ጋር ሆኖ ቁጭ አለብኝ። በሱህረወርዲ ሚዛን ብንሄድ ትክክሉ ወሎ ነው፣ ጥፋቱ የኔና የኮምፒውተሩ ነው።

ሙሉ በሙሉ ደግሞ ልሸነፍ አልችልም። የሸሆቹ ኪታብ የመጀመሪያው ቅጠል የለም። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ክረምት ክረምት ጣሪያው ያፈሳል። ስምንት ልጆች ይቀሩ የነበሩበት ቤት ዛሬ ሁለት ነው የቀሩት፤ ሌሎቹ ሪያድ ናቸው፣ ቤሩት ናቸው፣ እኔ ላለሊ ነኝ። የሱህረወርዲን ኑዛዜ ያከበረ ብቻ ቢገለብጠው ኖሮ መጽሐፉ አሌፖ ላይ ከሱ ጋር ይቀበር ነበር። አንዱ የማይገባው ሰው፣ ምናልባትም ያ ብርጭቆ ያስቀመጠው፣ ገልብጦት ነው እኔ ጋ የደረሰው።

ማታ ለሸሆቹ ደወልኩ። የሰውየውን ታሪክ፣ ዕንቁውን፣ ግድያውን ነገርኳቸው። አላህ ይዘንለት አሉ። ኑዛዜውንም ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ከበስተጀርባቸው የቡና ሙቀጫ ይሰማኛል።

"እንግዲህ አንተ" አሉኝ ቆይተው፣ "ስንት ቀን ያዝክ?"

"ሸሆቹ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" አልኳቸው።

አልተቆራረጠም ነበር።