ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ሞክሩት

ኔትወርክ የጠፋበት ስልክ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚለው ሆኗል፤ ይህ ነገር ትዕግሥቴን አሟጦታል። ስልኩ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ሲሙ ወጥቶ ሳይታይ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ሰው እጅ ተከፍቶ እንደሆነ ሳይጣራ፣ ባለቤቱ ለዓመታት ያከማቸው ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተጠርጎ ይጠፋል። የእናቴ ስልክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በሌላ ሰው እናት ላይ እንዳይደርስ ስል ነገሩን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

እናቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለደንበኞች የምትሸጥ ሴት ናት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እንደ እሷ ያለ ነጋዴ ብዙውን ገንዘብ የሚቀበለው በስልክ ቁጥሩ ነው። ገንዘቡ መግባቱን የምታውቀው በሚደርሳት አጭር መልእክት ነው፤ ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርም፣ የደንበኛ ትእዛዝም፣ የእድር ጥሪም የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ የስልኩ ጥግ ላይ «አገልግሎት የለም» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የቆመባት ወሬ ሳይሆን እንጀራዋ ነበር። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ይላል፤ እሷ «አልደረሰኝም» ትላለች፤ የተመዘነው በርበሬ መሐላቸው ተቀምጦ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች በዓይን ይጠራጠራሉ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አገልግሎት ማዕከል ነበር። ወረፋው እንደ ወትሮው ነበር፤ እሱን አልፈዋለሁ። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቀርብ ሠራተኛዋ ስልኩን አንሥታ እንኳ ሳታየው «ሲሙ አርጅቷል፣ ይቀየር» አለች። መታወቂያ ተሰጠ፣ ቅጽ ተሞላ፣ ተከፈለ፣ አዲስ ሲም ገባ፤ ስልኩ ግን አሁንም አገልግሎት የለም ይላል። በዚህ ላይ ሲሙ በመቀየሩ የባንኩ መተግበሪያ እንደ አዲስ ማረጋገጫ ጠየቀ፤ ማረጋገጫው ደግሞ በመልእክት የሚላክ ነው፤ መልእክት የሚቀበል ስልክ ደግሞ የለም። አሮጌውን ሲም አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ከትቶ ማየት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እዚያ ከሠራ ሲሙ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የስልኩ ነው ማለት ነው፤ እዚያም ካልሠራ ያን ጊዜ ሲሙ ይቀየር። የኔትወርክ አገልግሎት በሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ለዚህ ሙከራ የሚሆን አንድ ስልክ እንዴት አይቀመጥም?

ስልኩ ላይ የሚጻፈው ነገር ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የሚያነበው ግን አላገኘንም። «የአደጋ ጥሪ ብቻ» የሚል ከሆነ ስልኩ የሆነ የኔትወርክ ማማ ይሰማል፣ ነገር ግን በዚያ ሲም ተቀባይነት አላገኘም፤ ስለዚህ የሚጠረጠረው ሲሙ፣ ምዝገባው ወይም እገዳ ነው። «አገልግሎት የለም» የሚል ከሆነ ግን ስልኩ ጭራሹን ማማ አልሰማም፤ እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬው ወደ ስልኩ አንቴናና ወደ አካባቢው ሽፋን ይዞራል። ቀጥሎ *#06# ሲደወል የስልኩ 15 አሃዝ መለያ፣ አይኤምኢአይ የሚባለው፣ ይወጣል። ባዶ ወይም ዜሮ ብቻ ከታየ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ተበላሽቷል፤ ቁጥሩ በትክክል ከወጣ ያ ክፍል ቢያንስ በሕይወት አለ። የእናቴ ስልክ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ያወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስልኩን መክፈትም ሆነ ከውስጡ አንዲት ፎቶ ማጥፋት አያስፈልግም።

ከዚያ ጥገና ቤት ሄድን። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት ነካካና «ማዘር፣ ሶፍትዌር ነው፤ ቁጭ በሉ፣ አሁን እናስተካክለዋለን» አላት። የሚያስተካክለው ሁሉንም በማጥፋት መሆኑን አልነገራትም፤ እሷም ፎርማት ምን እንደሚወስድባት ልታውቅ አትችልም። ስልኩ ተመልሶ ሲሰጣት በፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ነበር። የደንበኞቿ ስም ዝርዝር የለም። ማን ስንት ኪሎ በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ግማሹን እንደከፈለ የጻፈችበት ማስታወሻ የለም። ኔትወርኩም የለም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው እንግዲህ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ከፈለጋችሁ ለዕቃ እንገዛችኋለን» የተባልነው፤ ለፎርማቱም ክፍያ ተጠይቀናል።

ይህ ድርጊት ለምን እንደሚያናድደኝ በግልጽ ላስረዳ። ፎርማት የሚያጠፋው የባለቤቱን ነገር ነው፤ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ መተግበሪያውን፣ ያስተካከለውን ቅንብር። የስልኩን የሬዲዮ ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር የተቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ በተለመደው ፎርማት አይነካም። ጥፋቱ የቅንብር ከሆነ ደግሞ የኔትወርክ ቅንብርን ብቻ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ምርጫ ስልኩ ውስጥ አለ፤ እሱ የሚያጠፋው የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና የብሉቱዝ ግንኙነቶችን ነው እንጂ የሰው ማስታወሻ አይደለም። ይህ ልዩነት የዚህ ሙያ ሀሁ ነው። ሀሁውን የማያውቅ ሰው የሰው ስልክ ባይቀበል ይሻላል፤ እያወቀ ለክፍያ ሲል ካደረገው ደግሞ ጉዳዩ የችሎታ ማነስ መሆኑ ቀርቶ በሰው ንብረት ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

ማታ ቤት ስንመለስ ስልኩን ከእኔ ስልክ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ መመርመር ጀመርኩ። ቅንብር ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የሲሙ ሁኔታ ሲከፈት የሲግናሉ ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይታያል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። የእናቴ አዲሱ ሲም በእኔ ስልክ፣ ሳሎኑ መስኮት ላይ፣ -81 አሳየ። ያው ሲም በእሷ ስልክ፣ በዚያው መስኮት ላይ፣ ለቅጽበት -118 አሳይቶ ተሰወረ። ሰገነቱ ላይ ስወጣ ደግሞ አንድ መስመር ብቅ ብላ ጠፋች። ስለዚህ ስልኩ አልደነቆረም፤ የሚሰማበት ጆሮ ግን አንድ ቦታ ላይ ተደፍኗል። ከሰሞኑ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ማለቁና ጀርባው መሞቁም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ሲግናል የከዳው ስልክ ማማ ፍለጋ ያለ ዕረፍት ሲለፋ ኃይሉን ይጨርሳል።

እናቴን ስጠይቃት ኔትወርኩ መመናመን የጀመረው የቻርጀር መሰኪያው ከተቀየረ በኋላ መሆኑን አስታወሰች። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃትም!

በማግስቱ መገናኛ አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ውስጠኛ ክፍል የሚሠራ ወጣት ዘንድ ወሰድነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የጀርባውን ክዳን በሙቀት አላቀቀ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ከዚያም በመቆንጠጫው ጫፍ አንዲት ቀጭን ጥቁር ገመድ እያሳየን «ይኸው» አለ። ገመዷ ከስፌት ክር ብዙም አትወፍርም፤ ጫፏ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች ክብ ወርቃማ ማያያዣ አለች፤ ያቺ ማያያዣ ከቦታዋ ወጥታ ጎን ላይ ተጋድማለች። በብዙ ስልኮች ዋናው ቦርድ ከላይ ሲሆን የቻርጀር መሰኪያው ያለበት ትንሹ ቦርድ ከታች ነው፤ ዋናው የኔትወርክ አንቴና የሚያያዘውም ከዚህ ከታችኛው ጋር ነው። ሁለቱን የምታገናኘው ያቺ ገመድ ናት። መሰኪያውን የቀየረው ሰው ነቅሏት ነበር፤ መልሶ ሲገጥማት እስክትጨብጥ አልጫናትም፤ በኪስና በቦርሳ ውስጥ ስትነቀነቅ ሰንብታ ወጣች። የዋይፋይ አንቴናው ከላይ በኩል ስለሆነ ኢንተርኔቱ ቤት ውስጥ እንደ ደኅና ይሠራ ነበር፤ ላልመረመረ ሰው ሶፍትዌር የመሰለውም ለዚህ ነው። ወጣቱ ማያያዣዋን በጥፍሩ ጫን ሲያደርጋት ቀጭን ድምፅ ሰጠች፤ ስልኩ ሲበራ መስመሮቹ ሞልተው መጡ። ያስከፈለን ለፎርማቱ ከተከፈለው ያነሰ ነው።

ቦርዱ አልተቃጠለም፣ ሲሙም አላረጀም ነበር። የጠፋው የዱቤ መዝገብ ግን አይመለስም፤ እናቴ አሁን ገንዘቧን የምትጠብቀው በተበዳሪዎቿ ሐቀኝነት ላይ ብቻ ነው፤ ስማቸውን የረሳቻቸውም አሉ።

ጥገና ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ስልክ ከመጥረጋችሁ በፊት ምን እንደሚጠፋ በግልጽ ተናገሩ፤ ባለቤቱ እሺ ማለቱንም በፊርማው አስቀምጡ። የከፈታችሁትን ስልክ ከመመለሳችሁ በፊት በዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በሲም ደውላችሁ ሞክሩት፤ ምን እንደነካችሁም ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ስልካችሁ ስክሪን ወይም ቻርጀር መሰኪያ ከተቀየረለት በኋላ ኔትወርክ የከዳችሁ ደግሞ፣ ማንም ፎርማት ላድርገው ቢላችሁ እጃችሁን አትስጡ፤ መጀመሪያ ይከፈትና የአንቴናው ገመድ ይታይ።