የቤቱ ካርታ በባል ስም ነው ማለት ድርሻ የለም ማለት አይደለም
«ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» ላልሽው እህቴ፣ ተሳስተሻል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) አንቀጽ 63 በአንዱ ስም የተመዘገበውንም ንብረት የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ «የግሌ ነው» ባዩ ያስረዳ። ወሳኙ ቀኑ ነው፦ ከጋብቻ በፊት የተያዘ፣ ከዚያም በኋላ ለአንዱ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ የግል ነው። ስለዚህ ጠበቃው ጋ ስትሄጂ የጋብቻ ማስረጃሽንና የቤቱን ግዢ ውል ጎን ለጎን አድርገሽ ቀኖቹን አስተያዪ። የካርታና የሊብሬ ኮፒ፣ የብድር ውልም ያዢ። ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ካለ ከሁሉ በፊት ሽያጩን የሚያስቆም የፍርድ ቤት እግድ ይጠየቅ። ያለፈቃድሽ ከተሸጠ የሽያጭ ውሉ እንዲፈርስ የምትጠይቂው ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ውሉ 2 ዓመት ካለፈው ግን አይቻልም።