ከባንክ ቤት የወጡት የኬፕ ቨርዴ መሪና የስደተኛው ድምፅ

በቦስተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን በሥራም ሆነ በጉርብትና ከኬፕ ቨርዴ ሰዎች ጋር መገናኘታችን አይቀርም። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ባሻገር አትላንቲክ ላይ የተበተኑት አሥር ደሴቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ ነዋሪ ነበራቸው፤ በውጭ የሚኖረው ወገናቸው ከዚያ እንደሚበልጥ ይነገራል። እንዲህ ያለችን አገር የሚመራ ሰው ስደተኛውን ዘንግቶ መምራት አይችልም።

ከአገሪቱ መሪዎች አንዱ የሆኑት ኡሊሴስ ኮሬያ ኢ ሲልቫ ሊዝበን ተምረው ሲመለሱ በአገራቸው ማዕከላዊ ባንክ በኃላፊነት ሠሩ። ቀጥሎ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የዋና ከተማዋ የፕራያ ከንቲባ ሆኑ። በ2016 ፓርቲያቸው ከ72 የምክር ቤት መቀመጫዎች 40ውን አሸንፎ የተቀናቃኙን የ15 ዓመት አገዛዝ ሲያበቃ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2021ም በድጋሚ አሸነፉ።

የባንክ ሰው መሆናቸው ሁሉንም አላቀናላቸውም። ኪሳራ ውስጥ የነበረውን የአገሪቱን አየር መንገድ 51 በመቶ ድርሻ በ2019 ለአንድ የአይስላንድ ኩባንያ ሸጡ፤ በ2021 መንግሥት መልሶ ወረሰው። ገንዘብ ጠባቂነታቸውን ግን አደንቃለሁ። ከ1998 ጀምሮ በፖርቱጋል ድጋፍ ምንዛሪው የተቆረጠው የአገሪቱ ገንዘብ ኤስኩዶ፣ አንዱ ዩሮ በ110.265 እንደተመነዘረ፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ቱሪዝሙን ባደረቀበት ጊዜ እንኳ አልተነቃነቀም። ስለዚህም ስደተኛው ገንዘቡን አገሩ ባንክ ሲያስቀምጥ ነገ ዋጋ ያጣብኛል ብሎ አይሠጋም። እኛ እስከ ሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ድረስ ለእናቶቻችን በባንክ በኩል ስንልክ ከጥቁር ገበያው ያነሰ ብር እንደሚደርሳቸው እያወቅን ነበር የምንልከው።

አብሮኝ የሚሠራ የኬፕ ቨርዴዋ የፎጎ ደሴት ሰው አለ። ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙናና የልጆች ጫማ እየጠቀጠቀ በትልቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ለቤተሰቡ በመርከብ ይልካል። ሚያዝያ 2021 የምርጫው ዕለት ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣ ሳይተኛ ሊመርጥ ሄደ። የአሜሪካ ዜግነት አለው፤ ያም ሆኖ ለኬፕ ቨርዴ ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ ከመቀመጫዎቹ ስድስቱ በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች የተመደቡ ናቸው፤ ሁለቱ ለአፍሪካ፣ ሁለቱ ለአሜሪካ አህጉር፣ ሁለቱ ለአውሮፓና ለቀረው ዓለም። የአየር መንገዱ ሽያጭ አናዶት እንደነበር ነግሮኛል፤ ንዴቱን የሚገልጽበት ወረቀት በእጁ ነበር።

እኛ የሌላ አገር ዜግነት ስንወስድ ኢትዮጵያዊነታችንን በሕግ እናጣለን። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው አዋጅ የሚሰጠን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ እንድንገባ፣ እንድንሠራና መዋዕለ ንዋይ እንድናፈስ ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለበትም። ድምፅ የሌለው ባለገንዘብ ምን ሊደርስበት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2016 አይተናል፤ ዜግነት የቀየሩ ወገኖቻችን ዓመታት የያዙትን የባንክ አክሲዮን እንዲለቁ በመመሪያ ታዘዙ፤ በሩ በሕግ የተከፈተላቸው በ2019 ነው። ውሳኔው ሲወጣም ሆነ ሲሻር በምክር ቤት ተነሥቶ ስለ እነርሱ የሚጠይቅ ወኪል አልነበራቸውም።

የጥምር ዜግነት ክርክር ረጅም መሆኑን፣ የሚሠጉ ሰዎችም በቂ ምክንያት እንዳላቸው አውቃለሁ። ይሁንና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው በሪያድ፣ በቤይሩትና በዋሽንግተን የሚኖሩት ዜጎቻችን በዚህ ክርክር ውስጥ የሉበትም፤ እነርሱም ቢሆኑ በ2021ዱ አገራዊ ምርጫ ባሉበት አገር ሆነው አልመረጡም። ኤምባሲዎቻችን የሕዳሴውን ግድብ ቦንድ ሲሸጡልን ስማችንን መዝግበው፣ ፓስፖርታችንን አይተው፣ ደረሰኝ ቆርጠው ሰጥተውናል፤ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መዝገብ፣ በቅድሚያ ለእነዚህ ዜጎች የድምፅ መስጫ ሣጥን እንዲቀመጥላቸው እጠይቃለሁ።