ውዳሴ ለጸሐፌ ሚስማር

ነገሥታቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ እኛ ደግሞ ጸሐፌ ሚስማር አለን። የቀድሞው ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ፣ ዓመታት ተምሮ ነበር አንዲት መስመር ለመጻፍ የሚደፍረው። የዛሬው ግን ስሙን በታሪካዊ ሕንፃ ላይ ፍቆ ለማስቀረት አንድ ሚስማርና አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይበቃዋል፤ ሚስማር ቢጠፋ የቤቱ ቁልፍ አለለት። ይህ ሰው ለአገር ቅርስ የዋለውን ውለታ በይፋ ያመሰገነ ባለመኖሩ፣ ዛሬ ያንን ዕዳ ለመክፈል ተነሥተናል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ የደረሰ መንገደኛ፣ ከከተማዋ በላይ በኮረብታው ጫፍ ላይ የጉዛራን ቤተ መንግሥት ያገኛል። በልማድ የሚነገረው ሕንፃውን ያሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ተብሎ ነው፤ ይህ እውነት ከሆነ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ እዚህ ኮረብታ ላይ ግንብ ቆሞ ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን አሠራሩን፣ በተለይም የኖራ ግንቡን ተመልክተው ዘመኑን ወደ ጎንደር ነገሥታት ያስጠጉታል፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። ጸሐፌ ሚስማር በበኩሉ ከእንዲህ ዓይነት ጣጣ ራሱን ነጻ አውጥቷል። ከስሙ ሥር ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሎ ስለሚያሰፍር፣ የሕንፃው ዕድሜ ሊቃውንትን ለዘመናት ቢያከራክር እንኳ የእርሱ ጉብኝት መቼ እንደተፈጸመ ማንም አይከራከርም።

በጉብኝቱ ጊዜ የሚያሳየው ትጋትም ሊደነቅ ይገባዋል። አስጎብኚው ስለ ክብ ማማው ሲያስረዳ እርሱ አይሰማም፤ ባልንጀሮቹ ወደ ምዕራብ ዞረው የጣናን ሐይቅ ሲያደንቁ እርሱ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። በዚያ ቀን ከመጡት ጎብኚዎች ሁሉ ቤቱን እንዲህ በቅርበት የመረመረ የለም። የቱ ጥግ ጥላ እንዳለው፣ የትኛው ልስን እንደሚፈረፈርና የትኛው ፊደል እንደሚይዝ፣ ጠባቂው ከየትኛው መስኮት እንደማይታይ ጠንቅቆ ያውቃል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ይህን ያህል ቢተጉ የት በደረስን ነበር!

ስለ ኖራ ጥቂት ካልተናገርን የጥበቡ ርቀት አይገባም። የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ይቃጠላል፤ ከዚያ ውኃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈርሳል፤ ቆይቶም ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ከግድግዳው ላይ ይለሰናል። እንደ ሲሚንቶ በአንድ ሌሊት አይደነድንም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል እንጂ። ይህ ዝግታ ለአሮጌ ግንብ መድኃኒት ነው፤ ኖራ እርጥበትን ስለሚያስተነፍስ ውኃው በድንጋዩ ውስጥ ታምቆ አይቀርም። በጣልያን ወረራ ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥቶች በሲሚንቶና በአርማታ ብረት መጠገናቸውን ባለሙያዎች አጥብቀው የነቀፉትና በኋላ ኖራው እንዲመለስ የተደረገውም ስለዚህ ነው። እኛ ግን ባለሙያዎቹ ያልጠቀሱትን ዋና ምክንያት እንጨምርላቸዋለን፤ ሲሚንቶ ሚስማር ያጎብጣል። ጠጋኙ ኖራውን አቃጥሎ፣ አቡክቶ፣ በእጁ ለስኖ፣ ጸሐይ እንዳይሰነጥቀው በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ሲንከባከብ ለማን እንደሚደክም አያውቅም ይሆናል፤ ጸሐፌ ሚስማር ግን ያውቃል። ለእርሱ እንደ እድሳት የሚያስደስት ነገር የለም። አሮጌው ገጽ በሞላበት ሰዓት መንግሥት በራሱ ወጪ ንጹሕ ገጽ ይገልጥለታል።

የሚጽፈውም ነገር ከንቱ አይደለም። «ከበደ + አልማዝ» ይላል አንዱ፤ ከጎኑ ቀስት የወጋው ልብ አለ፤ ከልቡ በላይ ደግሞ ሌላው መጥቶ «እዚህ ነበርን» ሲል መስክሯል። የተመራቂዎች ቡድን የትምህርት ክፍሉን ስም ሲጽፍ ፊደል ስቶ፣ ስሕተቱን ሰርዞ፣ እንደገና ከሥሩ ጽፎታል፤ ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። ከበደና አልማዝ ፍቅራቸው ገና አዘዞ ሳይደርሱ በአውቶብስ ውስጥ ቢያልቅ እንኳ የመደመር ምልክቱ ግን ከዐፄው ግንብ ጋር አብሮ ይኖራል።

ከዚህ አንጻር የጥንቶቹ ስንፍና ያሳዝናል። የሠርፀ ድንግልን ዜና መዋዕል የጻፈው ሊቅ የንጉሡን ዘመቻዎች በዝርዝር ሲተርክ የራሱን ስም ገልጦ አላስቀመጠም። ጉዛራን የገነቡት ሰዎች፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ኖራ አቃጣዩ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገቱን የወጣችው ሴት፣ ስማቸው ዛሬ አይታወቅም። ሚስማር አጥተው አይደለም፤ መዶሻም ነበራቸው፣ ግድግዳውም በእጃቸው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ብሂል ሰምተው የሚጽፉበት ቦታ አልታያቸውም። እኛ ቢያንስ ቤቱን ሳንሠራ ፈርመንበታል።

ጀግናችን ጠላት የለውም ማለት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሰው እንደሚቀጣ ደንግጓል። ጸሐፌ ሚስማር ይህን ሕግ እንደማይፈራ ማስረጃው ራሱ ጽሑፉ ነው። የትኛው አጥፊ ነው ከጥፋቱ ቦታ ላይ ሙሉ ስሙን፣ ቀኑንና የመጣበትን ከተማ አስፍሮ የሚሄደው? ለመርማሪ ከዚህ የበለጠ ትብብር ያደረገ ዜጋ ይኖር እንደሆነ እንጃ። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ለጥፎ «ቅርሶቻችን የሚጠብቃቸው አጥተው እየጠፉ ነው፤ የሚመለከተው አካል የት አለ?» ሲል በቁጭት ይጠይቃል። በፎቶግራፉ ላይ ከትከሻው በስተጀርባ ስሙ ጎልቶ ይነበባል፤ የሚመለከተው አካል አድራሻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ያለው ችግር አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ቆሞ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ ሁሉ እየተጻፈ አልቆ፣ ወጣቶቻችን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጡ ለመጻፍ ተገደዋል፤ ይህም ለወገባቸው አደገኛ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ እድሳት ሲጠናቀቅ የግንበኞቹ መወጣጫ እንጨት ከግድግዳው ላይ እንዳይነሣ፣ በሕዝብ ስም በትሕትና እናሳስባለን።