አመሰግናለው ለሚሉ ወላጆች የቀረበ ምስጋና

የባህር ዳር ወላጆችን ሳላመሰግን ብሞት አይኔ አይከደንም፣ በተለይ ጎረቤቴን። ሰውየው ልጁ አማርኛ እንዳታውቅበት ባጃጁን ሸጦ ያስተማረ ጀግና ነው። ት/ቤቱ ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ህፃን ይቀጣል፣ ቅጣቱ ደሞ ወርሃዊ ክፍያው ውስጥ አለ፣ እኛ ድሮ የምንቀጣው በነፃ ነበር እኮ፣ ለዛ ይሆናል ያልሰለጠንነው።

ምክንያትም አለው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶው ተፈታኝ ብቻ ነበር፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ጥፋተኛው አማርኛ ሆኖ ተገኘ። መፅሀፉ፣ ላብራቶሪው፣ መምህሩ አይጠየቁም።

ጎረቤቴ ግን ልጁን ብቻ አይደለም ራሱንም ከአማርኛ አድኗል። ባለፈው ጣና ዳር የተጠበሰ አሳ ፊቱ ደርድሮ ፎቶ ለጠፈና "ዛሬ አሳውን በላው" ብሎ ፃፈበት። እኔ ሞኙ ኮመንት ላይ "ማን በላው?" ስለው "እኔ ነኛ፣ ቀናህ እንዴ" አለኝ። ስናወራ ሁ ትዋጣለች እሱ እውነት ነው፣ እሱ ግን ስትፃፍም ውጧታል፣ መጣው፣ አመሰግናለው፣ ያገባ ቀንማ "አገባው" ብሎ ፖስት አርጎ ማን ማንን እንዳገባ ዘመድ እስካሁን እየተከራከረ ነው። (ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ እኔም ላይ ይምታቱብኛል፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በዛ አልፈርድም። ሁን ው ማድረግ ግን የተለየ ተሰጥኦ ነው።)

ለኪዳነ ምህረት ደሞ "ሠዓሊ ለነ ቅድስት" ብሎ ለጠፈ። ለምኝልን የሚባለው በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲሆን ግዕዙ "ሳዪልን" ይሆናል። ሳስበው ግን አልተሳሳተም፣ ማዶ ዘጌ የኡራ ኪዳነ ምህረት መቅደስ ግድግዳው ሁሉ ስዕል አይደል፣ ጥያቄው ቀድሞ ተመልሶለታል።

እናቱ እዛው ዘጌ ነው ያሉት፣ ቡና አላቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሰረተ ትምህርት ነው፣ ያ በ1971 የተጀመረው ዘመቻ፣ ስለዚህ ስልካቸው ላይ የመጣውን ልክ እንደተፃፈ ነው የሚያነቡት። ቅዳሜ ለት እሳቸው ጋ ቡና ልገዛ ሄጄ ቁጭ ብዬ ሳለ ልጃቸው "እማዬ ጀልባው ላይ አለው" ብሎ ላከ። መነፅራቸውን አርገው ሁለቴ አነበቡት። "ጀልባው ላይ ምን ይሆን ያለው?" አሉና እቃ የተላከ መስሏቸው ሸክም የሚያወርድ ጎረምሳ ጠርተው፣ እኔንም አስከትለው ወደቡ ወረድን።

ጀልባው ተጠጋ፣ ጆንያ የለም፣ ካርቶን የለም፣ ልጃቸው ነው የልጅ ልጃቸውን ይዞ። ጎረምሳው ግን መቼም ተጠርቻለሁ ብሎ የልጅቱን የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸከመ። ልጅቱ ሮጣ አያቷ ላይ ተጠመጠመችና "ግራንድማ አይ ሚስድ ዩ ሶ ማች" አለች፣ አባትየው ደረቱ ተነፋ፣ ባጃጁ እዚች ላይ ነው ያለችው።

እሳቸው ልጅቱን ስመው ስመው ወደኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ "አንተ ልጄ፣ አባትየው አለው ያለኝን ምን እንዳለው ሳላገኘው፣ ይች ደሞ ምን አለች?"