ይድረስ የገዛ ስማቸው ለጠፋባቸው ክቡር ኮምፒውተራችን

ጉዳዩ፦ ራስን አለማወቅን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ የቱሉ ዲምቱ ኮፒ ቤቶች በእርስዎ ምክንያት ከመዋረዳችን በቀር ደህና ነን።

ትናንት ከሰዓት መብራት መጣ፣ ኢንተርኔት ግን አልመጣም። ራውተሩ ይበራል፤ ከራውተሩ ወዲያ ምንም የለም። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ሁሉም ቢሮ ሳይዘጋ ፎርሙን አሳትሞ መሮጥ አለበት። ፕሪንተሩ ሲያኮርፍ አገልግሎቱን እንደገና ላስነሳ ብዬ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሰጠው በሱዱ ትእዛዝ ሰጠሁ። እርስዎ ዝም አሉ። ጠበቅን። በኋላ «ዲምቱ የሚባለውን ሆስት ማግኘት አልቻልኩም» የሚል ጻፉ።

ዲምቱ እኮ እርስዎ ነዎት!

አንዱ ወጣት አንገቱን አስግጎ ለወረፋው አነበበላቸው። ሳቁ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት «የራሱን ስም የማያውቅ የኔን እንዴት ሊጽፍልኝ ነው?» አሉ። ምን ልመልስ? ይባስ ብለው ስሞታዎን ከጨረሱ በኋላ ትእዛዙን ፈጸሙት። ከፈጸሙት ታዲያ ያ ሁሉ ጥበቃ ለምን ነበር? እስከዚያ ግማሹ ሰው ጎረቤት ኮፒ ቤት ገብቷል።

በዝምታዎ ምን ሲሠሩ እንደነበር አውቃለሁ። ስምዎን ሆስትስ ከሚባለው፣ ስምና አድራሻ ጎን ለጎን ከሚጻፍበት ፋይል ፈለጉ፣ አጡ። ከዚያ የኮምፒውተር ስም ሲሰጡት የቁጥር አድራሻውን የሚነግረውን ዲኤንኤስ ሰርቨር ጠየቁ። ለአንድ ጥያቄ 5 ሰከንድ ይጠብቃሉ፣ 2 ጊዜ ይሞክራሉ፤ የተመዘገበው ሰርቨር ሁለት ከሆነ 20 ሰከንድ ሄደ። እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው የት እንደሚኖሩ ባሕር ማዶ ያጠያይቃሉ።

ስምዎን የቀየርነው ሆስትኔምሲቲኤል በሚባለው በራስዎ ትእዛዝ ነው። አዲሱን ስም ሆስትኔም ፋይል ላይ ጻፉ፤ ሆስትስ ላይ የድሮውን ተዉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁለቱም መዝገብ ያለው አንተው ሆድ ውስጥ ነው! አንዱን ስትነካ ሌላውን መንካት ምን ይከብድሃል? አንዱ መስኮት ያስተካከለውን ሌላው መስኮት «ሲስተም ላይ የለም» የሚለን አነሰና፣ አንተም ተጨመርክ? ሰው ከሥራ ቀርቶ፣ ልጅ አዝሎ ነው የሚሰለፈው። አንድ መስመር እኮ ነው። አንድ መስመር!

ይቅርታ፣ ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

በፈረንጆቹ 1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን እስኪያመጣ ድረስ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው ኔትወርክ ላይ የነበሩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ስም ካሊፎርኒያ፣ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ዘንድ በአንድ ፋይል ይያዝ ነበር። አገር ምድሩ ከዚያ ይቀዳ ነበር። የእርስዎ ሆስትስ የዚያ ፋይል ዘር ነው። የዘር ሐረግዎ እንዲህ ሆኖ ለራስዎ ስም ቦታ አጡ?

በፊደላችን ስም እናውጣልዎ ስንል እምቢ ማለትዎን፣ ባትሪዎ ደክሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ መመለስዎን ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።

ሆስትስ ላይ፣ ራስዎን ከሚያመለክተው 127.0.1.1 ከሚባለው አድራሻ ጎን «ዲምቱ» ተብሎ ተጽፎልዎታል። ፎቶና ሦስት ምስክር አልጠየቅንዎትም።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዲኤንኤስ ሰርቨሩ፣ በማይመለከተው ስለተጠየቀ
ለፕሪንተሩ፣ ቀጣዩ ደብዳቤ ለእሱ መሆኑን እንዲያውቅ